መሬትን በስሜት ሕዋሳት፦ የአንድ የ8 ሳምንት ሥልጠና ግምገማ

ባለፉት ሁለት ወራት የተከታተልሁት ሥልጠና ዓላማውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጣል፦ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ከሆነው ከመሬት ጋር በስሜት ሕዋሳት አማካይነት እንደገና መተዋወቅ፣ በዚያም የአእምሮና የአካል ዕረፍት ማግኘት። ሥልጠናው በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ከቤት ውጭ በቡድን መገናኘትን፣ በየዕለቱ ለ20 ደቂቃ ያህል ለብቻ የሚሠራ ልምምድን፣ በድምፅ የተቀረጸ መመሪያንና በአንድ የእንጨት ሣጥን ተሰናድቶ የሚሰጥ የመለማመጃ ዕቃን ያጠቃልላል። በሣጥኑ ውስጥ በከረጢት የታሰሩ ሦስት ዐይነት አፈሮች፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ጭቃ፣ መጠናቸው የተለያየ አምስት ድንጋዮች፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ፣ ትንሽ ውኃ መርጫና አንድ ማስታወሻ ደብተር አሉ። በቡድናችን 12 ሰዎች ነበርን፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመሩንም አንዲት አስተባባሪ ነበሩ።

ለምን እንደ ተመዘገብሁ አስቀድሞ ማወቅ ቀጥሎ የምሰጠውን ፍርድ ለመመዘን አንባቢን ይረዳል። እናቴን ከቀበርን በኋላ ለብዙ ወራት እንቅልፍ ርቆኝ ቆየ፤ ከሁሉም የጸናብኝ ግን አፈሩ ከአካፋ ሲወርድ የሰማሁት ድምፅ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ የተቆፈረ መሬት ባየሁ ቁጥር መንገዴን እቀይር ነበር። ቋንቋችንም በዚህ ረገድ አያግዝም፦ ስንማጸን «አፈር ስሆን» እንላለን፣ ለሞተ ሰው «አፈሩን ያቅልልለት» ብለን እንመኛለን፣ ስንራገም አፈር እናስበላለን፤ አፈር የሚለው ቃል ከመቃብር ብዙም ርቆ አይገኝም። ስለዚህ ከመሬት ጋር መገናኘት የሚለው ማስታወቂያ ለእኔ የመዝናኛ ግብዣ አልነበረም፤ ከአፈር ጋር መታረቅ ይቻለኝ እንደሆነ ለማየት ነበር የሄድሁት።

የሥልጠናው አወቃቀር በአንድ ጥንታዊ ሐሳብ ላይ ቆሟል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ ኤምፔዶክሊስ ነገር ሁሉ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተሰናዳ አስተምሮ ነበር። በጥንታዊው የሕንድ አስተሳሰብ ደግሞ ባሕርያቱ አምስት ሲሆኑ እያንዳንዳቸው በየትኛው ስሜት እንደሚታወቁ ተለይቷል፤ ጠፈር በመስማት ብቻ፣ ነፋስ በመስማትና በመዳሰስ እየተባለ ወደ ታች ይወረድና መሬት ላይ ሲደረስ አምስቱም ስሜቶች ይሟላሉ፣ ሽታም የመሬት የራሱ ጠባይ ይባላል። አስተባባሪዋ ይህን በመጀመሪያው ቀን ሲያስረዱ የሥልጠናው አካሄድ ከዚሁ እንደ ተቀዳ ነገሩን፤ እግር፣ እጅ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ዐይንና ምላስ አንድ አንድ ሳምንት አላቸው፣ ቀሪዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁሉንም አጣምሮ ለመለማመድ ናቸው። አንድን ሕዋስ ለይቶ ሳምንቱን ሙሉ ማሠራት ብልህነት ነው፤ ከዚህ ቀደም በሌላ ቦታ በተካፈልሁበት ተመሳሳይ ልምምድ ሁሉንም ስሜት በአንድ ሰዓት ውስጥ እንድንነካካ ስለ ተደረግን ከአንዱም የያዝሁት ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት ልምምድ ጫማ አውልቆ ከሣር ወደ ጠጠር፣ ከጠጠር ወደ እርጥብ አፈር 40 እርምጃ እጅግ በዝግታ መራመድ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ፀጉር አልባና ግፊትን፣ ንዝረትንና መወጠርን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች የበዙበት በመሆኑ ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቅበት መረጃ ከፊሉ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ተረከዙ ከመሬት ሳይነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ በግልጽ ይታወቃል። ልምምዱን ወደድሁት። ያልወደድሁት በዙሪያው የተነገረውን ነው። የድምፅ መመሪያው ከመሬት ወደ ሰውነት ኤሌክትሮኖች የሚባሉ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች እንደሚገቡ፣ እነርሱም ብግነትን እንደሚያጠፉና እንቅልፍን እንደሚመልሱ የተረጋገጠ እውነት አስመስሎ ያቀርባል። በዚህ ጉዳይ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያሳተፉ ትንንሽ ሙከራዎች ናቸው፤ እንቅልፍ አጥቶ ለመጣ ሰው በእነርሱ ላይ ተመርኩዞ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ግን ሳይነገር የቀረው ነው። መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ገና እጭ ሳለ በዐይነ ምድር ከተበከለ አፈር ተነሥቶ የባዶ እግርን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ በትንሽ ቁስልም ይገባል። ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት ያለ ጫማ የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ፖዶኮኒዮሲስ ለተባለው፣ እግርን እንደ ዝሆኔ ለሚያሳብጠው በሽታ ይጋለጣሉ፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው። ጫማ ለብዙ ሰው ያልነበረውና ያዳነው ነገር ሆኖ ሳለ ከመሬት የለየን ግድግዳ ተደርጎ ብቻ ሲነገር መስማት አሳዝኖኛል። ንጹሕነቱ የታወቀ ቦታ መምረጥ፣ እግር ላይ ቁስል አለመኖሩን ማየት፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን ማሟላት፣ ሲጨርሱም በሳሙና መታጠብ የሚል አጭር አንቀጽ በመመሪያው ቢገባ ችግሩ ይቃለላል፤ ይህንንም ለአስተባባሪዋ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት የእጅ ነው፤ ሥልጠናው በእውነት ከፍ የሚለውም ከዚህ ጀምሮ ነው። ከሦስቱ አፈሮች አንዱን አንድ ማንኪያ ያህል መዳፍ ላይ አድርጎ፣ ጥቂት በጥቂት ውኃ እየረጩ ሊጥ እስኪመስል ማሸት፣ ከዚያም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጨመቁ እንደ ጥብጣብ ወደ ውጭ መግፋት ነው ሥራው። የአፈር ባለሙያዎች ዛሬም በመስክ ላይ የአፈርን ዐይነት የሚለዩበት ዘዴ ይኸው ነው። አሸዋማው ጣትን ይቧጭርና ወዲያው ይፈርሳል፤ ደለሉ እንደ ዱቄት ይለሰልስና ጥብጣብ ሊሆን ሲል ይሰበራል፤ ሸክላማው ይጣበቃል፣ ሳይበጠስም ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል። ልዩነታቸው የቅንጣት መጠን ነው፦ በተለመደው አመዳደብ የአሸዋ ቅንጣት እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። የአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ወደ 17,000 የሚጠጉ የመዳሰስ ነርቮች እንዳሏቸው ይገመታል፤ እኔም ያን ሁሉ መሣሪያ ለዓመታት የስልክ መስታወት ለመነካካት ብቻ ሳውለው እንደ ኖርሁ የገባኝ በዚያ ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ አስተባባሪዋን ማመስገን ይገባኛል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድም ጊዜ ዘና በሉ፣ አእምሯችሁን አጥሩ አላሉንም። በመካከላችን እየተዘዋወሩ ለእያንዳንዳችን «በእጅዎ ያለው የትኛው ነው? በምን ዐወቁ?» የሚል ጥያቄ ብቻ ያቀርቡ ነበር። ጥያቄው መልስ ያለው ጥያቄ ስለሆነ ሐሳቤ በሙሉ ወደ ጣቶቼ ሄደ፤ ሁለተኛውን አፈር ከሦስተኛው ለመለየት ስሞክር ግማሽ ሰዓት ማለፉን አላወቅሁም፣ ለወራት ያልለቀቀኝ የደረት መጨናነቅም በዚያ መሐል ቀርቶ ነበር። በሌሎቹ ሳምንታትም ያስተዋልሁት ይህንኑ ነው፦ ሥልጠናው መሬትን እንደ መድኃኒት ሲያቀርበው ይደክማል፣ ሊመረመርና ሊለይ እንደሚገባ ነገር ሲያቀርበው ግን ይበረታል።

ሦስተኛው ሳምንት የአፍንጫ ነበር፤ ለእኔ የሥልጠናው ሁሉ ልብ እርሱ ነው። ደረቅ አፈር በብርጭቆው ውስጥ አድርጎ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ውኃ ረጭቶ ወዲያው መክደን፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ክዳኑን ገልጦ ሦስት ጊዜ አጠር አድርጎ ማሽተት፣ ከዚያም አፍንጫ ሽታን ቶሎ ስለሚለምድ ጥቂት ዐርፎ መድገም ነው። ዝናብ በደረቅ መሬት ላይ ሲወርድ የሚነሣውን ይህን ሽታ ኢዛቤል ጆይ ቤርና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ፔትሪኮር ብለው ሰይመውታል። ለአፈር መዓዛውን በዋነኛነት የሚሰጠው ጂኦስሚን የተባለ ውህድ ነው፤ ስሙ በግሪክ የመሬት ሽታ ማለት ሲሆን ከሚያመርቱት መካከል ስትሬፕቶማይሲስ የሚባሉት የአፈር ባክቴሪያዎች ይገኛሉ። የሰው አፍንጫ ይህን ውህድ በውኃ ውስጥ ከአንድ ትሪሊዮን ክፍል ጥቂት ክፍል ያህል ብቻ ሲኖር እንኳ ይለየዋል። ውኃውን በስሱ እንድንረጭ የታዘዝነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 በፈጣን ካሜራ እንዳሳዩት የውኃ ጠብታ ቀዳዳ በበዛበት ገጽ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ የአየር አረፋዎች ይወጡና በላዩ ፈንድተው ረቂቅ ብናኝ ወደ አየር ይበትናሉ፣ ይህም ከከባድ ዝናብ ይልቅ በቀላልና በመካከለኛ ዝናብ ጊዜ ይበዛል።

ብርጭቆውን ስከፍት መቃብሩ እንደሚመጣብኝ ፈርቼ ነበር። የመጣብኝ ግን እናቴ ማለዳ ማለዳ የአበባ መደቧን ውኃ ስታጠጣ፣ እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ የማየው ነገር ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አስታውሼው አላውቅም። ሽታ እንዲህ ሳይጠሩት ትዝታ የሚጎትትበት አንዱ ምክንያት መንገዱ ነው፦ ከሌሎቹ ስሜቶች በተለየ የሽታ መልእክት ታላሙስ በተባለው የአንጎል ማስተላለፊያ በኩል ሳይዞር ስሜትና ትዝታ ወደሚሠራባቸው የአንጎል ክፍሎች በቀጥታ ይደርሳል። አስተባባሪዋ ከዚህ ጋር አያይዘው እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ጠቀሱልን፤ ባክቴሪያዎቹ ይህን ሽታ የሚለቁት ዘራቸውን በሚያበጁበት ጊዜ ሲሆን፣ ሽታው በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ተስፈንጣሪ ትንንሽ ፍጥረታትን ይስባል፣ እነርሱም ባክቴሪያውን እየበሉ ዘሩን ወደ ሌላ ቦታ ይዘውለት ይሄዳሉ። የሞት ሽታ ነው ብዬ ስሸሸው የኖርሁት ነገር የሕያዋን ፍጥረታት መጠራሪያ እንደሆነ መስማቴ፣ ከስምንቱ ሳምንታት ሁሉ እንቅልፌን የነካው ነገር እንደሆነ አምናለሁ።

በዚያው ሳምንት መመሪያው የአፈር ባክቴሪያ ደስተኛ ያደርጋል ብሎ መናገሩ ግን ልክ አይደለም። የሚጠቀሰው ማይኮባክቴሪየም ቫኬ በተባለው የአፈር ባክቴሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ነው፤ ጥናቱ የተሠራው በአይጦች ላይ ነው፣ የሞተው ባክቴሪያ የተሰጣቸውም በመርፌ ነው፣ የታየውም ሴሮቶኒን የተባለውን፣ ከስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት መነቃቃት ነው። አስደናቂ ግኝት ነው፤ አፈር ያሸተተ ሰው ይደሰታል ማለት ግን አይደለም። የጂኦስሚን ታሪክ ብቻውን በቂ ሆኖ ሳለ ይህን መጨመር አያስፈልግም ነበር።

አራተኛው ሳምንት የጆሮ ነበር። ልምምዱ አፈርን ከእጅ ወደ ልዩ ልዩ ገጽ ማፍሰስና ዐይን ጨፍኖ ማዳመጥ እንደሆነ በዋዜማው ባነበብሁ ጊዜ እንደማልችለው ዐወቅሁ፤ ለአስተባባሪዋ ምክንያቱን ነገርኋቸው። አላባበሉኝም፣ ይሞክሩት ብለውም አልጎተጎቱኝም፤ ከቡድኑ ራቅ ብዬ ድንጋዮቹን እርስ በርስ እያጋጨሁ እንድሠራ አመቻቹልኝ፣ አፈሩን የማፍሰሱን ሥራም ስሻ ቤቴ ልሠራው እንደምችል ነገሩኝ። ይህ የእርሳቸው ጥንቃቄ ነው፤ የአገልግሎቱ አሠራር ግን ጉድለት አለበት፣ የመመዝገቢያ ቅጹ ስለ ሐዘን፣ ስለ አደጋ ወይም በመሬት መንሸራተትና በመሬት መንቀጥቀጥ ስለ ደረሰ ጉዳት አንዳች አይጠይቅም። አፈር ለሁሉም ሰው ገር ነገር አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ የአገልግሎቱ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የዐይኑ ሳምንት ጥሩ ነበር፣ ብዙ የምለው ግን የለኝም። የአፈር ቀይነት ከብረት ኦክሳይድ፣ ጥቁረቱ ብዙውን ጊዜ ከበሰበሰ እፅዋት፣ ግራጫነቱ ደግሞ ውኃ ተኝቶበት አየር ከማጣቱ እንደሚመጣ ተምረን በየደረስንበት ቀለም መመዝገብ ጀመርን። የምላሱ ሳምንት ግን ከሥልጠናው መውጣት ያለበት ነው። የታጠበ ድንጋይና ደረቅ የሸክላ ጭቃ በምላስ ጫፍ እንድንነካ ተጋበዝን፤ እኔ አልነካሁም። ምንጩ ያልተመረመረ ሸክላ እርሳስን የመሰለ መርዛማ ብረት ወይም የተውሳክ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ተሳታፊ ብትኖር ደግሞ አደጋው ይብሳል። አምስቱ ስሜቶች በመሬት ይሟላሉ የሚለውን ጥንታዊ ሐሳብ ለማሟላት ሲባል አፍን አፈር ማስነካት አያስፈልግም።

ሥልጠናው ጤናን ይረዳል ወይ ለሚል ሰው በቀናነት ሊቀርቡ የሚችሉ ማስረጃዎች አሉ፤ ሆኖም መመሪያው ያነሣቸው እነርሱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ ይዞ የታተመ ጥናት በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ስለ ጤናቸውና ስለ ደኅንነታቸው የተሻለ ነገር እንደሚናገሩ አሳይቷል፤ ምክንያቱና ውጤቱ ግን በዚያ ጥናት አልተለየም፣ ጤነኛ ሰው ይበልጥ ስለሚወጣም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በፊንላንድ የወጣው ጥናት በዚህ ረገድ ይጠነክራል፦ የሕፃናት መዋያዎች ግቢ በደን አፈርና ሣር እንዲሸፈን ተደርጎ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆች ለ28 ቀናት ሲጫወቱበት በቆዳቸው ላይ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዐይነታቸው በዝቷል፣ የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጉ ምልክቶችም በደማቸው ታይተዋል። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ከነወሰኑ ማቅረብ እየተቻለ ስለ ኤሌክትሮን መናገር የሥልጠናውን ክብር ዝቅ ያደርጋል።

ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ልጨምር። ሣጥኑ ጠንካራ፣ አፈሮቹም በደንብ የተመረጡ ናቸው፤ የሸክላው ጭቃ ግን በሦስተኛው ሳምንት ደርቆ ተሰነጣጠቀ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቢሰጥ ይቆይ ነበር። የአትክልት ብስባሽ በተጨመረበት ከረጢት ላይ ማስጠንቀቂያ የለም፤ በእንዲህ ዐይነት ብስባሽ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ አንዳንድ ጊዜ ስለሚገኝ ከረጢቱን ከፊት አርቆ መክፈት፣ ብናኙን በውኃ ማርጠብና እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። የድምፅ መመሪያው ከበስተ ኋላው ሙዚቃ አለው፣ ተናጋሪውም ዝም አይልም፤ በጆሮው ሳምንት እንኳ የአፈሩን ድምፅ የሙዚቃው ድምፅ ይሸፍነዋል። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ መመሪያውን ትቼ አስተባባሪዋ በቃል የሰጡንን ጥያቄዎች በደብተሬ ጽፌ በእነርሱ ብቻ ሠራሁ፣ ልምምዱም ተሻለ።

ሥልጠናውን የምመክረው ረጅም ጊዜ በወንበር ላይ ለሚውል፣ ሐሳቡ ለሚበታተንበት፣ ዐይን ጨፍኖ በዝምታ መቀመጥ ለማይሆንለት ሰው ነው፤ እጁ ሥራ ሲያገኝ ሐሳቡ የሚሰበሰብለት ሰው ብዙ ያተርፋል። የቆዳ ቁስል ላለበት፣ በስኳር በሽታ ምክንያት የእግር ስሜቱ ለቀነሰ፣ ወይም የሰውነት መከላከያው ለደከመ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አልመክርም። ከባድ ድብርት ያለበትም ሰው የያዘውን ሕክምና በዚህ መተካት የለበትም።

በመጨረሻው ሳምንት ቤቴ ብቻዬን ሆኜ የቀረብኝን የጆሮ ልምምድ ሠራሁ። ደረቁን አሸዋ በወረቀት ላይ፣ ደለሉን በእንጨት ላይ፣ እርጥቡን ሸክላ በሸክላ ሳህን ላይ ከተለያየ ከፍታ እያፈሰስሁ በደብተሬ መዘገብሁ፤ ደረቁ ይንሾካሾካል፣ ደለሉ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ እርጥቡ በየጓሉ ይወድቃል። አራተኛው ከሣጥኑ ሦስት አፈሮች ውጭ የሆነ፣ ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር ነበር፣ የፈራሁትም እርሱን ነበር። በሁለት እጄ ሙሉ ዘግኜ ከጉልበቴ ከፍታ ወደ ሣጥኑ ክዳን ለቀቅሁት፤ ያው ድምፅ ነበር፣ አልተሳሳትሁም። ጠጠሮቹ አስቀድመው ወረዱ፣ ልሙ ተከተላቸው፣ በመጨረሻም በጣቶቼ መካከል የቀረው ጥቂት ትቢያ በጣም በቀስታ ሲፈስ ተሰማኝ፤ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጥሁት፣ ከዚያም ደብተሬን አንሥቼ ጻፍሁት።